ከማኅበር የተባረርኩበት ክረምት

እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተባረርኩት፤ እሱም ከስልክ ውስጥ። ከትምህርት ቤት አልተባረርኩም፣ ከሥራም አልተባረርኩም፣ ባል ስለሌለኝ ከትዳርም አልተባረርኩም። በአንድ የነሐሴ ጠዋት ግን ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ስልኬን ብከፍተው «ከቡድኑ ተወግደሻል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተገትሮ ጠበቀኝ። ከጨዋታ! ሰው ከጨዋታ ይባረራል? እስቲ ፍረዱኝ፤ ለመፍረድ ግን ነገሩን ከሥሩ መስማት አለባችሁ።

ላሊበላ የገባሁት ከደላንታ፣ ከወገል ጤና ከተማ ነው። ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ፣ ዳገት ላይ ካለ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ተቀጠርኩ። ደላንታም ላስታም ያው ወሎ ነው፣ ብርዱም አንድ ነው ብዬ ነበር። የላሊበላ ሰው ክፉ አይደለም፤ ግን ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው። አንዱ የሌላው ክርስትና አባት ነው፣ አንዷ የሌላዋ ሚዜ ነበረች፤ ለእኔ የሚተርፈኝ ሰላምታ ብቻ ነበር። «የደላንታዋ፣ እንዴት አደርሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» አለቀ። ስድስት ወር ሙሉ ስሜን የሚያውቀው መፈረሚያ መዝገቡ ብቻ ነበር። ምሳዬን ከባንኮኒው ጀርባ ብቻዬን ስበላ፣ ወደ አገሬ ልመለስ እያልኩ በየሳምንቱ ሻንጣዬን አይ ነበር።

ክረምት ሲገባ ላሊበላን ፈረንጅ ይርቃታል። በረዶው ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ይውላል፣ አስጎብኚዎቹ ሥራ ይፈታሉ፣ የእኛ ሆቴል ደግሞ ዋይፋይ ስለነበረው ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሎቢያችን ውስጥ ይከተታሉ። ተች ስልክ ገና መለመዱ ነበር። ጨዋታውን ያመጣው አንድ አስጎብኚ ነው። ዲያቆን ስለሆነ ሰው ሁሉ «ዲያቆኑ» ይለዋል፣ እኔም እንዲሁ ልበለው። የቄስ ልጅ፣ የቄስ የልጅ ልጅ፣ ድምፁ ማይክ የማይፈልግ፣ ፈረንጅ አስከትሎ ሲናገር ድንጋዩን ራሱ የፈለፈለው የሚመስል ሰው። ከእሱ ሌላ ፈረንጅ አጥቶ መኪናውን ያቆመ ሹፌር ነበር፤ ከኩሽና ደግሞ ወጥ ቤታችን እትዬ ነበረች። ሁለት ሌሎች አስጎብኚዎችም ነበሩ፤ እነሱ ዲያቆኑ ያለውን የሚደግሙ ስለነበሩ ከእንግዲህ አላነሳቸውም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እያንዳንዱ ሰው ስልኩ ውስጥ አንዲት መንደር ትሰጠዋለች። ቤት ይሠራባታል፣ ግንብ ያጥራታል፣ ወታደር ያሠለጥንባታል። ሰዎች ተሰባስበው ቡድን ይሆኑና ዓለም ዳር ካለ ከማያውቁት ቡድን ጋር ጦርነት ይገጥማሉ። ለአንድ ሰው በአንድ ጦርነት ሁለት ውጊያ ይደርሰዋል፤ የጠላትን መንደር ካፈረሰ ለቡድኑ ኮከብ ይቆጠርለታል። ኮከብ የበዛለት ያሸንፋል። በቃ፣ ከዚህ በላይ ጥበብ የለውም።

እኔ መንደሬን ግንብ አላጠርኳትም። ያገኘሁትን ሁሉ ዛፍ ተከልኩበት። ቤቶቹን አራርቄ፣ መሃሉን እንደ ወገል ጤና ገበያ ባዶ ትቼ፣ ዳር ዳሩን በዛፍ ከበብኩት። ጠላት ሲመጣ እንደ ቅዳሜ ገበያተኛ ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ሳቅ ነው! እትዬ ማማሰያዋን እንደያዘች ከኩሽና ትመጣና፣ «ኧረ በሩን ዝጊ አንቺ ልጅ! ሲዘርፉሽ እያየሽ ትስቂያለሽ?» ትላለች። ሹፌሩ ይቀበላታል፦ «እንግዳ ተቀባይ አይደለች? ቁልፍ ሰጥታ፣ ሻንጣቸውን ተሸክማ ነው የምታስገባቸው።» እኔም «ቁርስ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» እላለሁ፣ ለፈረንጅ በምለው እንግሊዝኛ። ዲያቆኑ ራሱ እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር።

በር ላይ የሚጠብቁት አያ፣ የሆቴሉ ዘበኛ፣ ካፖርታቸውን እንደደረቡ ከኋላችን ቆመው ያዩናል። ዘመኑ ገበሬውም ተማሪውም ሠራተኛውም «አንድ ለአምስት ተደራጁ» የሚባልበት ነበርና አንድ ቀን፣ «ይሄም አንድ ለአምስት ነው?» ብለው ጠየቁ። «ይሄ እንኳ በፈቃደኝነት ነው አያ» አላቸው ሹፌሩ። «እንዲያ ከሆነ አይከፋም» ብለው ወደ በራቸው ሄዱ።

እኔ ግን ልንገራችሁ፣ ለጨዋታው ምን ገዶኝ! ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ ሰው «የት ሄደች? ጥሯት እንጂ!» ይላል፤ የምትጠራው እኔ ነኝ። በስሜ ነው የሚጠሩኝ። ሻንጣዬን ማየት ተውኩ፣ አልጋ ሥር ገፋሁት።

ሰኔ ላይ ዲያቆኑ አንድ ሐሳብ አመጣ። ቡድናችን እንደ ጽዋ ማኅበር ይሁን፣ በወር አንድ ቀን፣ በሚካኤል፣ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቅርብ አለ። ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ እሱ ራሱ ሊሆን ነው። ታዲያ ማኅበር ያለ ጽዋ አይሆንም፤ ከአንዱ ተረኛ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ነገር ያስፈልጋል። አንድ ፈረንጅ ረስቶት የሄደ ፓወር ባንክ ነበረን፣ ጥቁር፣ እንደ ጡብ የሚከብድ። እሱ ይሁን ተባለ።

አያ ተቆጡ። «በጽዋ አይቀለድም!»

«ጽዋ ነው አላልንም አያ» አላቸው ዲያቆኑ ለስለስ ብሎ፤ «እንደ ጽዋ ነው።»

አያ ትንሽ አሰቡና ከኪሳቸው ንጹሕ ነጭ መሐረብ አወጡ። «እንግዲያው በወጉ ያዙት። ባዶውን ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም።» ከዚያ ወዲህ ፓወር ባንኩ በመሐረብ ተጠቅልሎ፣ ተቀባዩም ብድግ ብሎ፣ በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው። ዲያቆኑም «ከተረኛው በቀር ማንም አይንካው» ብሎ ሕግ አወጣ። በሰኔ ዲያቆኑ አበላን፣ በሐምሌ እትዬ፤ በሐምሌው ሚካኤል ከእትዬ እጅ ተቀብዬ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጥኩት። የነሐሴው ተረኛ እኔ ነኝ። እናቴ «ማኅበር ገባሁ» ብዬ በስልክ ስነግራት እልል አለች፤ የምን ማኅበር እንደሆነ አልነገርኳትም።

ነገር የተበላሸው ማሸነፍ ስንጀምር ነው። ሦስት ጦርነት ተከታትለን አሸነፍንና ዲያቆኑ የደረጃ ሰንጠረዥ አየ። ምነው ዓይኑን በጨፈነው! ያን ቀን የሳቀው የመጨረሻው ሳቁ ነበር። «ግንብሽን ለምን አላሳደግሽም?» ማለት ጀመረ። «ዛፍ ኮከብ አያመጣም።» እትዬን «ሰዓት አታከብሪም»፣ ሹፌሩን «ሳታጠና ትዋጋለህ» ይላል። ለፈረንጅ የሚያዘጋጀውን ደብተር አውጥቶ የጠላትን ግንብ በእስክርቢቶ ይስል ጀመር። ቆይቶ ደግሞ አንድ የማይታወቅ ሰው ቡድናችን ውስጥ ገባ። ስሙ የማይነበብ፣ ምልክቱ የአንበሳ ፊት፣ ግንቡ ሰማይ የነካ። ወዳጆቹን ይዞ እንዲመጣ ዲያቆኑ ሙሴነቱን አሳልፎ ሰጠውና እሱ ምክትል ሆነ።

«ፊቱን አይታችሁታል?» አሉ አያ።

«አላየንም።»

«ድምፁንስ?»

«አልሰማንም።»

«ታዲያ ማን ይባላል?»

«አንበሳው ነው የምንለው» አለ ዲያቆኑ።

«አበስኩ ገበርኩ!» አሉ አያ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል አልሰማችሁም?»

ኃጢአቴን ልናገር። በሐምሌ መጨረሻ አንድ ከባድ ጦርነት ነበረን፤ አንድ ኮከብ ብቻ ቀርቶናል፣ ያልተዋጋሁትም እኔ ብቻ ነኝ። ሁሉም ባንኮኒዬን ከበውኛል። ወታደሮቼን አሰለፍኩ፣ ጣቴን ሰደድኩ፣ ልክ ያን ጊዜ ሁለት ፈረንጆች በዝናብ በስብሰው፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ገቡ። ምን ላድርግ? ስልኩን አስቀምጬ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አልኩ። ፓስፖርት ተቀበልኩ፣ ቁልፍ ሰጠሁ፣ ፎጣ አስጨመርኩ። ስመለስ ሰዓቱ አልቋል፣ ወታደሮቼም ሰፈራቸው ተቀምጠው ቀርተዋል።

እኔ ሳቅኩ። እስከ ዛሬ ስንስቅበት የኖርነው ነገር መስሎኝ፣ «ለእነዚህኞቹም ቁልፍ ሰጠኋቸው!» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ዲያቆኑ ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ «አንቺ ለጨዋታ አልተፈጠርሽም» ብሎ ወጣ። ሹፌሩ ጫማውን ያያል። እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ሰው እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ለምን እንደሚተው ዛሬ ብትጠይቁኝ መልሱ ከእጄ አይጠፋም። መሸነፍ አይደለም። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስሸነፍ ኖሬያለሁ፣ ዘርፈውኛል፣ አቃጥለውኛል፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገብቻለሁ። ሽንፈቴ ማሳቁን ሲተው ነው እግሬ የከበደኝ። ከእኔ በፊት እንኳ እትዬ ተወችው፦ «ለማላውቀው አንበሳ ብዬ ሽሮዬን አላሳርርም!» ሹፌሩ ስልኬ ተሰበረ አለ፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በየቦታቸው አንበሳው የማናውቃቸውን ሰዎች አስገባ።

እኔ ግን አልተውኩም። የምተወው ጨዋታውን ብቻ ቢሆንማ ምን ገዶኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ጥሯት» የሚለኝን ሰው ፈርቼ ነው የቆየሁት። እንዲህ እያልኩ ሳለ ነው እንግዲህ ያ የነሐሴ ጠዋት የመጣው፦ «ከቡድኑ ተወግደሻል።» ሥር ላይ ያስወገደኝ ሰው ስም ተጽፏል። አንበሳው አይደለም። ዲያቆኑ ነው፣ በገዛ እጁ።

ከሰዓት ሲመጣ ጠበቅኩት። «ምን አድርጌህ ነው?»

«በግል አትውሰጂው» አለ፣ ግድግዳውን እያየ። «ጨዋታ ነው እኮ።»

«ጨዋታ ከሆነ ለምን አባረርከኝ?»

ስልኩን ከፍቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። የአንሶላ ክፍል ገባሁና ፎጣ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። አዎ፣ ለስልክ ጨዋታ አለቀስኩ፤ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

አልቅሼ ስጨርስ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የዋይፋዩ ፓስዎርድ በእኔ እጅ ነው! በማግስቱ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀየርኩት። ጌታዬ ሆይ፣ ያንን ያላየ! ስልካቸውን እንደ ጧፍ ከፍ አድርገው ሎቢውን ይዞሩት ጀመር። ዲያቆኑ ወንበር ላይ ወጣ፣ ከወንበሩ መስኮት ላይ ወጣ። «ምን ሆኖ ነው?» ይለኛል። «ኔትወርክ ነው መሰለኝ» እላለሁ፣ ፊቴን እንደ ሥዕል አድርጌ። አያ ከበሩ ሆነው ያዩኝና ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ሳቄ ግን እስከ አሥር ሰዓት አልዘለቀም። ዲያቆኑ ዣንጥላውን አነሳና፣ «ጎረቤት ሆቴል እንሂድ» አለ። ሄዱ። ሹፌሩ እንኳ፣ ስልኬ ተሰበረ ያለው ሰውዬ፣ ለወሬው ብሎ ተከተላቸው። ፓስዎርዱን ወዲያው መለስኩት፤ ማን ይምጣልኝ? አንድ ሳምንት ሙሉ ሎቢው ውስጥ እኔና በረዶው ብቻ ቀረን። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ስቤ አወጣሁት።

አያ ከዘራቸውን ባንኮኒው ላይ አስደገፉ። «ወዴት ነው?»

«አገሬ ልሂድ አያ። እዚህ ማን አለኝ? ከማኅበሩም አስወጥተውኛል።»

«ጽዋው የታለ?»

ከባንኮኒው ሥር አውጥቼ አሳየኋቸው፣ በመሐረባቸው እንደተጠቀለለ።

«እንግዲያው ማንም አላስወጣሽም» አሉ፤ በጽዋ አይቀለድም ያሉት ሰውዬ አሁን ፊታቸው ላይ ቀልድ የለም። «ጽዋ ያለበት ሰው አይባረርም። ማበላቱን ያበላል፣ ለተረኛው ያስረክባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ነገር የሚኖረው። የቄስ ልጅ ነው፣ ይህ አይጠፋውም። ጥሪያቸው። የማኅበር ጥሪ እምቢ አይባልም።»

ጠራኋቸው። በስልክ አይደለም፣ በእግሬ፣ በዝናብ፣ ጎረቤት ሆቴል ድረስ ሄጄ በር ላይ ቆሜ፣ «ነገ ሚካኤል ነው፣ ጽዋ አለብኝ፣ ከቅዳሴ በኋላ ብሉልኝ» ብዬ ተመለስኩ።

እትዬ ድፎውን ጋገረችልኝ፤ ፍልሰታ ስለሆነ ዘይት ብቻ ነው የነካው። ከሁለት ቀን በፊት መብረቅ ወድቆ መብራት ጠፍቶ ነበርና ሎቢው ጨለምለም ብሏል። ሁሉም መጡ። ዲያቆኑ ከቅዳሴ በቀጥታ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ጾም ፊቱን አጥቁሮት። አባታችን ሆይ ደገምን፣ አያ ዳቦውን ቆረሱ፣ ጠላው ዞረ። በላን፣ ግን እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ብለን። ዲያቆኑ በየደቂቃው ስልኩን ከነጠላው ሥር ያያል። ሹፌሩ ጆሮዬ ሥር ሹክ አለኝ፦ ዋይፋይ ስለሌለ በውድ የሞባይል ዳታ ጦርነት ላይ ናቸው፣ የመጀመሪያው ውጊያ በቅዳሴ ሰዓት አምልጦታል፣ ሁለተኛውም ካመለጠው አንበሳው ምሕረት አያውቅም፣ ባትሪው ደግሞ ሦስት ከመቶ ነው።

አያ አፋቸውን ጠረጉ። «ጽዋው ይተላለፍ። ቀጣዩ ተረኛ ማን ነው?»

ተራውን የያዘው ዲያቆኑ ነው፣ የቡድኑን ዝርዝር ተከትሎ። ስልኩን አየ፣ እንደገና አየ።

«ማን ነው? ተናገር እንጂ» አሉ አያ።

«ከእሷ ቀጥሎ … በእሷ ቦታ የገባው ነው።»

«ይቅረባ!»

«አያ፣ ሰውዬው … የት አገር እንደሆነ አላውቅም።»

እትዬ ናት መጀመሪያ የፈነዳችው። «በርበሬ ይበላ ይሆን? ጠይቀው እስቲ!» ሹፌሩ ቀጠለ፦ «አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ልቀበለው፣ ሥራ ፈትቻለሁ!» ሎቢው በሳቅ ተናጋ። ዲያቆኑ መሃላችን ላይ ቆሞ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ አንዴ ስልኩን አንዴ እጄ ላይ ያለውን ጥቅልል ያያል። ፓወር ባንኩን ይፈልገዋል። ግን ተረኛ ያልሆነ ሰው አይነካውም፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። ተረኛ ከሆነ ደግሞ የመስከረም ሚካኤል እዚሁ፣ እኔ ባለሁበት ሎቢ፣ ሊያበላን ነው።

ነጠላውን አስተካከለና እንደቆመ ሁለት እጁን ዘረጋ። «ለእኔ ይሁን» አለ ቀስ ብሎ።

በሁለት እጄ ሰጠሁት። መሐረቡን እንዳይቀደድ እየተጠነቀቀ ፈታው፣ ገመዱን ስልኩ ላይ ሰካው። ምንም። ነቅሎ መልሶ ሰካው። ምንም። መብራት በጠፋባቸው ሁለት ቀናት በእሱ ስልኬን እየሞላሁ፣ በሞባይል ዳታ ብቻዬን መንደሬ ላይ ዛፍ ስተክል አሟጥጬዋለሁ። ባዶ መሆኑን አውቅ ነበር። ልነግረው ይገባኝ ነበር? ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም፤ ይቅር ይበለኝ። ስልኩ እጁ ላይ እንዳለ ጠፋ።

በማግስቱ መብራት መጣ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ዲያቆኑ ዣንጥላ እንኳ ሳይዝ ገባ፣ ባንኮኒዬ ፊት ቆመ። ፊቱ የተቀጣ ተማሪ ፊት ነው።

«አስወጡኝ» አለ።

ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ፤ ከተባረርኩ ጀምሮ ስስለው የከረምኩት። አላስቀረሁበትም። «ግንብህን አላሳደግህማ!» አልኩት።

እትዬ ከኩሽና ሰማች፣ አያ ከበሩ ሰሙ፣ ሹፌሩ ሶፋው ላይ ተንከባለለ። ዲያቆኑ መጀመሪያ ኮስተር አለ፣ ከዚያ አፉን በነጠላው ያዘ፣ ከዚያ አልቻለም፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ የፓወር ባንኩን ጥቅልል ከጉያው አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረው።

«በእኔ በደል ነው» አለ፣ ዓይኔን እያየ። «እኔ ነኝ ያስወጣሁሽ። ምን ፊት ይዤ አበላለሁ? ይሄን ለሌላ ስጡት፣ እኔ ይቅርብኝ።»

ጥቅልሉን አነሳሁና መልሼ እጁ ላይ አደረግኩለት።

«ጽዋ ያለበት ሰው አይባረርም» አልኩት። «አሁን ወንበር ሳብና ተቀመጥ።»